ሰርቨር ቀርፋፋ ሲሆን የምንሰራቸው ስህተቶች (ማክስ ቺልድረንን በደመነፍስ አትንኩብኝ!)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ደወለልኝ፣ ዳታቤዛችን በየሰዓቱ እየሞተ ነው ና እይልን አለኝ። ገና ሳልገባ ምን እንደማገኝ ገምቻለሁ። ገባሁ፣ የፒኤችፒ ኤፍፒኤሙን (የሳይቱን የፒኤችፒ ኮድ የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ኮንፊግ ከፈትኩ፣ ማክስ ቺልድረን የሚለው ጋ፣ ማለትም በአንዴ ቢበዛ ስንት የፒኤችፒ ፕሮሰስ ይሂድ የሚለው ጋ፣ 200 ተጽፏል። የሰርቨሩ ራም ስንት ነው? 4 ጊጋ።

ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ ሳይቱ ይንቀራፈፋል፣ ሰውየው ሎግ ያያል፣ ሎጉ ራሱ ደግሞ ማክስ ቺልድረን ሞልቷል ከፍ ማድረጉን አስብበት ይለዋል። እሱም አያስብበትም፣ ከፍ ያደርገዋል። ከ5 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 200። እስቲ አብረን እንደምር፣ አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ 80 ሜጋ ይበላል እንበል፣ 200 ሲሆኑ 16 ጊጋ ነው። ያለው 4። ትራፊክ ሳይበዛ ምንም አይታወቅም፣ ሰው ገባ ገባ ሲል ግን ራሙ ያልቃል፣ ስዋፕ ይጀምራል (ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ማለት ነው)፣ ዲስኩ ይጨናነቃል፣ ከዛ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ሰርቨሩን ለማትረፍ ብሎ ብዙ ራም የያዘውን ፈልጎ ይገድላል። ብዙ ራም የያዘው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል! ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ዳታቤዙ ሞተ እያለ የሚደውልልኝ፣ ዳታቤዙ እኮ ምንም አላጠፋም፣ ገዳዩ ሌላ ቦታ ነው።

ትክክለኛው ስሌት ከባድ አይደለም። ከጠቅላላው ራም ለሲስተሙና ለዳታቤዙ የሚሆነውን ቀንሱ፣ ከ4 ጊጋው 2.5 ተረፈ እንበል፣ ለ80 አካፍሉት፣ 31 ገደማ ይመጣል፣ ትንሽ መተንፈሻ ትታችሁ 25 አድርጉት። የፕሮሰሱን መጠን ደግሞ ከሰው አትቅዱ፣ ተርሚናሉ ላይ ፒኤስ ኤዩኤክስ ብላችሁ አርኤስኤስ የሚለውን አምድ (ፕሮሰሱ የያዘውን ራም) እዩ፣ የጋራ ሜሞሪውን ደጋግሞ ስለሚቆጥር ትንሽ አጋንኖ ያሳያል ግን ለዚህ ስራ ይበቃል።

25 አይበቃንም የሚል ይመጣል። ይበቃል ወዳጄ! አንድ ጥያቄ 2 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ 25 ፕሮሰስ በሰከንድ 12 ምናምን ያስተናግዳል፣ ያንኑ ስራ ወደ 0.2 ሰከንድ ካወረድከው እነዛው 25ቱ 125 ያስተናግዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፕሮሰሶቹ ቁጭ ብለው ምን እየጠበቁ ነው የሚለው ነው፣ መልሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ) የሌለው ቴብል ላይ የሚሮጥ ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) ነው። የደወለልኝም ሰውዬ ጋ እሱ ነበር፣ አንድ ኢንዴክስ ጨመርንና ሳይቱ ነፍስ ዘራ። ስሎው ኩዌሪ ሎግ (ቀርፋፋ ኩዌሪዎችን የሚመዘግበውን) ከፍተን ምንም አላየንም የምትሉ ደግሞ ዲፎልቱ 10 ሰከንድ መሆኑን እወቁ፣ 10 ሰከንድ እስኪሞላ ጎብኚው ሄዷል፣ ወደ 1 አውርዱት። የኢኖዲቢ በፈር ፑልንም (ማይኤስኪውኤል ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበትን ቦታ) እዩት፣ ሳይነካ ከተተወ 128 ሜጋ ነው፣ ዳታችሁ ከዛ በላይ ከሆነ በየጊዜው ዲስክ እያነበበ ነው።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ኤንጂንኤክስ (ከፒኤችፒው ፊት ቆሞ ጎብኚውን የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር) ላይ የፒኤችፒን ውጤት ካሽ ማድረግ፣ ማለትም አስቀምጦ ደግሞ መስጠት፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ብዙ ገጽ ፒኤችፒ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ይሄን ሰርቼ ካሹ ምንም አይያዝልኝም፣ ምክንያቱም ኤንጂንኤክስ ኩኪ (ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የሚለይ ትንሽ ዳታ) የሚያስቀምጥ መልስ ሲያይ ካሽ አያደርገውም። ታዲያ እኔ ጀግናው ምን አደረግኩ፣ ኩኪውን ችላ በል የሚል መስመር ጨመርኩ። ሳይቱ በረረ! ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስልክ፣ አንዲት ደንበኛ አካውንቴን ስከፍት የሌላ ሰው ስምና ትዕዛዝ ነው የሚመጣልኝ አለች። ላብ አጠመቀኝ። ኤንጂንኤክሱ ኩኪ የሚያየው ለደህንነት ሲል ነበር፣ እኔ አይኑን ሸፈንኩት። ሎግኢን ያደረገ ሰው፣ የግዢ ቅርጫት፣ የክፍያ ገጽ፣ እነዚህን መጀመሪያ ከካሽ ውጪ አድርጉ፣ ከዛ በሁለት የተለያየ አካውንት ገብታችሁ ሞክሩ፣ ከዛ ተኙ።

ጂዚፕ (ፋይሉን አምቆ የሚልከውን) አብርተናል የሚሉም አሉ። አዎ አብርታችኋል፣ ግን ጂዚፕ ታይፕስ የሚለውን ካልሞላችሁ ኤንጂንኤክስ ኤችቲኤምኤሉን ብቻ ነው የሚያምቀው፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕቱ እንዳለ ይሄዳል። በከርል፣ አክሴፕት ኢንኮዲንግ ጂዚፕ የሚለውን ጨምራችሁ፣ የመልሱን ሄደር እዩ፣ ኮንተንት ኢንኮዲንግ ከሌለ አልታመቀም። ሌቭል 9 ማድረግ ደግሞ ሲፒዩ ማቃጠል ነው፣ 5 ይበቃል። ጄፔግን በጂዚፕ ለማመቅ አትሞክሩ፣ እሱ ድሮ ታምቋል።

ፎቶን ካነሳን አይቀር፣ ከስልክ እንደወጣ 6 ሜጋ የሆነ ፎቶ መነሻ ገጹ ላይ ለጥፎ ኮንፊግ አስተካክልልኝ ማለት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት) አድርጉትና በሚታይበት ስፋት ልክ አሳንሱት።

ፍሪ ራም ትንሽ ነው ብላችሁ በክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ራሱ በሚሮጥ ትዕዛዝ) የሊኑክስን ካሽ የምታጸዱ ሰዎች፣ እባካችሁ። ሊኑክስ ስራ የፈታ ራም ሲያገኝ ፋይል ይይዝበታል፣ ሲፈለግ ይለቃል። መታየት ያለበት ፍሪ ሳይሆን አቬይለብል የሚለው አምድ ነው።

አፓቺ (ሌላው ዌብ ሰርቨር) ያላችሁ፣ ኤችቲአክሰስ (በየፎልደሩ የሚቀመጥ የኮንፊግ ፋይል) የማያስፈልጋችሁ ከሆነ አላው ኦቨርራይድን ነን አድርጉት፣ አለበለዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በየፎልደሩ እየዞረ ፋይሉን ይፈልጋል። ኦፒካሽ (የተዘጋጀ የፒኤችፒ ኮድ ራም ላይ የሚይዘው) መብራቱንም እዩ። ፋይሉ ተቀይሯል ወይ ብሎ የሚያየውን የታይምስታምፕ ቼኩን ካጠፋችሁ ግን ኮድ በቀየራችሁ ቁጥር ኤፍፒኤሙን ሪሎድ አድርጉ፣ እኔ አንዴ ይሄን ረስቼ የተስተካከለ ኮድ ላይ ግማሽ ቀን ስህተት ስፈልግ ውያለሁ።

ኤንጂንኤክስ ማይነስ ቲ ሳትሉ (ኮንፊጉ ስህተት እንደሌለበት የሚፈትሸው ትዕዛዝ ነው) ሪስታርት አታድርጉ። ሌላ የምለው የለኝም።

ርቀትንም ሰው ይረሳዋል። ሰርቨሩ ከተጠቃሚው 10,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ነው። ቲሲፒ (ግንኙነቱን መክፈቻው) አንድ ደርሶ መልስ፣ ቲኤልኤስ 1.2 (ምስጠራው) ሁለት፣ ጥያቄው ራሱ አንድ፣ ገና የመጀመሪያዋ ባይት ሳትመጣ 400 ሆነ። በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 አንዱን ደርሶ መልስ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አብሩት፣ የማይቀያየሩትን ፋይሎች ደግሞ ሲዲኤን (ለተጠቃሚው ቅርብ የሆኑ ሰርቨሮች) ላይ አውጡ። ከዛ ውጪ ሰርቨሩ ላይ የቱንም ቁጥር ብታጦዙ ርቀቱ አያጥርም።

እና ደግሞ ሎድ ቴስቱን (ሰርቨሩ ስንት ጥያቄ እንደሚችል የሚለካውን) ከዛው ከሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ አትሩጡት፣ ቴስቱ ራሱ ሲፒዩውን ይሻማል፣ ኔትወርኩም አይለካም። ያ የደወለልኝ ሰውዬ በሰከንድ 3,000 ያስተናግዳል ብሎ ያሳየኝ ቁጥር የመጣው ከዛ ነበር፣ ያውም ፒኤችፒን የማይነካው የሎጎ ፎቶ ላይ ነው የሮጠው።