«ተመስገን» ስንል የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ጣና ዳር ባለ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ በነርስነት ሳገለግል የደም ግፊት ክትትል ያላቸውን ሰዎች «እንዴት ሰነበቱ?» ብዬ ስጠይቅ የአብዛኞቹ መልስ «ተመስገን» ነው። ምስጋና ጭንቀትን እንደሚያቀልና ሰውነትን እንደሚጠቅም ስለማምን ለታካሚዎቼ እመክረዋለሁ፤ ሆኖም እዚህ ባሕር ዳር በየዕለቱ ከማየው የተነሣ፣ ጥቅሙን የሚያሳጡትን ስህተቶች መናገር ግድ ሆኖብኛል።

ከሁሉ የከፋው ሕመምን በ«ተመስገን» መሸፈን ነው። ዓሣ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» እያሉ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ መለኪያው 190 በ110 አሳየ፤ እጅግ ከፍ ያለ ግፊት ነው። ጥቂት አሳርፌ ደግሜ ብለካም ለውጥ አልነበረውም። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሳቸውን ሲፈልጣቸው እንደ ከረመ፣ ሌሊቱንም በልጃቸው ነገር ሲብሰለሰሉ እንደሚያነጉት ነገሩኝ። «ማማረር እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው» አሉ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት! ሕመምን መናገር ምስጋና ቢስነት ነው ያለን ማን ነው? ቅዱስ ዳዊት እንኳ ሲያመሰግንም ሲያለቅስም ኖሯል። ጭንቀት ሲበረታ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫሉ፤ ልብ በፍጥነት ትመታለች፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይርቃል፤ ይህ ሁሉ ከንፈር ላይ ባለ ቃል አይቆምም። የተሸፈነ ሕመም ሐኪምም ዘንድ አይደርስም።

ይህንኑ ስህተት በሌላ መልኩ እኔም ፈጽሜአለሁ። ፅንስ የወረደባትን አንዲት ወጣት «ያሉሽን ልጆች እያየሽ ተመስገን በይ» አልኳት፤ አንገቷን ደፍታ ወጣች፣ ዳግመኛም አልመጣችም። ሐዘንተኛን «አመስግን» ማለት «ዝም በል» ማለት መሆኑን የተማርኩት ከእርሷ ነው።

በጅምላ ማመስገንም እምብዛም አይጠቅምም። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካላው የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት በየሳምንቱ እስከ 5 የሚደርሱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ተማሪዎች የሚያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ ያነሰ የሕመም ስሜት ነበራቸው፤ የአካል እንቅስቃሴም የበለጠ ያደርጉ ነበር። ይህን መሠረት አድርጌ አንድ ዓሣ አስጋሪ ልጃቸው እየጻፈችላቸው እንዲሞክሩት ጠየቅኋቸው። ደብተሩ ሲመጣ በገጹ ሁሉ «ጤና፣ ልጆች፣ ሰላም» የሚል ብቻ ነበር። «እስኪ የትናንቱን አንድ ነገር ይንገሩኝ» አልኳቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ መረባቸው እምቦጭ ውስጥ ተጠላልፎ እንደ ነበርና ጎረቤታቸው የራሱን ሥራ ትቶ እስኪመሽ አብሯቸው እንደ ፈታ ተረኩልኝ። ሲተርኩ ወደ ጆሯቸው ተሰቅሎ የነበረው ትከሻቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ከመተኛት በፊት እንዲህ ያለውን ነገር ማሰላሰል የሚያባንኑ ሐሳቦችን ስለሚቀንስ እንቅልፍንም ያግዛል።

«የባሰ አታምጣ» ማለትን ከምስጋና የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን አልቆጥረውም፤ ልብ የሚያርፈው ባገኘው በጎ ነገር ላይ መሆን ሲገባው፣ ይህ አባባል ገና ያልመጣውን መከራ ሲያስጠብቅ ያድራልና።

አንድ ቀን ሳልጽፍ አደርኩ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ይበቃል። ምስጋና ጀመርኩ ብሎ የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ግን ለስትሮክ የሚያጋልጥ አደጋ ነው፤ በፍጹም አይደረግ።

የመጨረሻው ስህተት ምስጋናን ደብተር ውስጥ ማስቀረት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው ለባለ ውለታቸው ያደረሱ ሰዎች ደስታ ወዲያው ከፍ ብሎ ለአንድ ወር ያህል ቆይቷል። ዓሣ አስጋሪውን «ጎረቤትዎን አመስግነዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው «እሱማ ያውቀዋል» አሉኝ። «ከአፍዎ ሰምቶታል?» አልኩ፤ መልስ አልሰጡኝም። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ግን የዘጌ ቡና ይዘው ጎረቤታቸው ቤት እንደ ሄዱና ሁለቱም ሦስተኛው እስኪጠጣ እንደ ተጨዋወቱ ገና ሳይቀመጡ ነገሩኝ። ግፊታቸውን ስለካው ካለፈው ትንሽ ዝቅ ቢልም ገና ከፍ ያለ ስለ ነበር፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ ነግሬ የወሩን ቀጠሮ ጻፍኩላቸው።