የጎማ ነፋስ መብራቷ በርታ አልጠፋም ስትል

ዳሽቦርዱ ላይ የፈረስ ጫማ የመሰለች፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ መብራት በርታለች። ያኔ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጎማው ውስጥ ሆኖ ነፋሱን የሚለካው «ሴንሰሩ ሄዷል» ብሎ ዕቃ ፍለጋ ይወጣል፣ ወይ «ውሸቷን ነው» ብሎ ይለምዳታል። ሁለቱም ያስከፍላሉ። መጀመሪያ አበራሯን ይዩ፤ ለዚህ መሣሪያም ባለሙያም አያስፈልግም።

ሞተሩን ያስነሱና ሰዓት ይያዙ። ለጥቂት ሰከንድ ሁሉም መብራቶች መብራታቸው የተለመደ ነው፣ እሱን ይለፉት። ከዚያ በኋላ ሳትርገበገብ ከበራች ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ነፋስ ያነሰው ጎማው ነው። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ ቀጥ ካለች ግን የታመመው ራሱ ሲስተሙ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሳትርገበገብ ስትበራ

ጎማው ሳይሞቅ፣ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ይለኩ። ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ነው፤ በእሱ አይሙሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአሜሪካ ደንብ መብራቷ እንድትበራ የሚያስገድደው ነፋሱ ከተወሰነው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ወረቀቱ 33 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ 25 አካባቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ መብራቷ አልበራችም ማለት ጎማው ሙሉ ነው ማለት አይደለም።

ጠዋት በርታ ትንሽ ሲነዱ የምትጠፋ ከሆነ ሴንሰሩን አይጠርጥሩ። አየሩ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጎማው 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ጎማዎ ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ በቀዝቃዛው ይሙሉት። አራቱም ልክ ሆነው መብራቷ ካልጠፋች ስኮርታውን ይለኩ። አንዳንድ መኪና እዚያም ውስጥ ሴንሰር አለው፣ ማንም አያስታውሰውም እንጂ።

ከሞሉ በኋላም ወዲያው አትጠፋ ይሆናል። ሴንሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲቆም ይተኛል፣ ጎማው ሲዞር ይነቃል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይንዱ።

ሴንሰር የሌለው መኪናም አለ

ቀልድ የሚመስል ግን እውነት ነው፦ ጎማው ውስጥ ምንም ለሌለው መኪና ሴንሰር የሚገዛ ሰው አለ። አንዳንድ መኪና ነፋሱን በቀጥታ አይለካም። የኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ሲስተም) የፍጥነት መለኪያ ተጠቅሞ የጎማዎቹን ዙር ያወዳድራል፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ትንሽ ስለሚያጥር ከሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። እንዲህ ያለው መኪና ነፋስ ከተሞላ በኋላ «አሁን ልክ ነው» መባል ይፈልጋል። ከመሪው ሥር ያለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፣ ወይም ሜኑ ውስጥ ይፈልጉት። የኤቢኤስ መብራትም አብሮ ከበራ ችግሩ ያለው እሱ ጋ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ስክሪኑ የእያንዳንዱን ጎማ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውስጥ ሴንሰር አለ። ነፋስ የሚሞላበት ቫልቭ ብረት ከሆነም ያንኑ ይጠቁማል። የላስቲክ ቫልቭ ማየት ግን ሴንሰር የለም አያሰኝም።

ብልጭ ድርግም ስትል

እዚህ ዋናው ጥያቄ የስንት ጎማ ሴንሰር ለመኪናው መናገር አቁሞ ዝም አለ የሚለው ነው።

አራቱም በአንድ ቀን ከጠፉ አራት ሴንሰር አብሮ ሞተ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ፊውዙን ይዩ፣ ቀጥሎ መኪናው የሴንሰሮቹን መልእክት የሚሰማበትን መቀበያ ያስፈትሹ። ከዚያ በፊት ግን በነጻ የሚሞከር አለ። በቅርቡ የሰኩት ርካሽ የስልክ ቻርጀር ወይም የመኪና ካሜራ ካለ ነቅለው ይንዱ። የሴንሰሩ ድምፅ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ያውኩታል።

አንድ ብቻ ከሆነ በቅርቡ ምን ተደረገ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ጎማ ተቀየረ? ሴንሰሩ የሚቀመጠው ከቫልቩ ጀርባ፣ ቸርኬው ውስጥ ነው። ጎማ የሚፈታው ማሽን እዚያው ላይ ከተጫነ ይሰብረዋል። ቸርኬ ቀየሩ? ሴንሰሩ አሮጌው ቸርኬ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ረጩ? የሴንሰሩን መተንፈሻ ደፍኖት ሊሆን ይችላል።

ምንም ካልተደረገ የሴንሰሩ ባትሪ ሳይሆን አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ ከነሴንሰሩ ታሽጎ ስለሚመጣም ለብቻው አይቀየርም። አራቱም ከፋብሪካ እኩል ስለወጡ አንዱ ከሞተ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው። ጎማዎቹ አልቀው የሚቀየሩ ከሆነ እኔ አራቱንም እቀይራለሁ። ጎማዎቹ ገና አዲስ ከሆኑ አንዱን ብቻ።

ግምት የማይፈልገው ምርመራ ጎሚስታው ያለችው በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ናት። ቫልቩ አጠገብ አስጠግቶ ሲጫን ሴንሰሩ ይነቃና ቁጥሩን ይናገራል። ከተናገረ ሴንሰሩ በሕይወት አለ፣ መኪናው ነው ያልመዘገበው። ዝም ካለ ቀይሩት።

ሲገዙ የሬዲዮ ሞገዱን ያረጋግጡ። ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩት ብዙዎቹ በ315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት በ433 ነው የሚያወሩት። ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፣ መኪናው ግን ሌላውን አይሰማውም። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

እኔን የጎዳኝ ሴንሰሩ ራሱ ሳይሆን የቫልቩ ክዳን ነበር። ክዳኗ ጠፍታ ያገኘኋትን ተራ የነሐስ ክዳን ገጠምኩ። ከዓመት በኋላ ልፈታት ስል እንቢ አለች፤ ዙሪያዋን ነጭ ዱቄት ወርሶታል። በፒንሳ ያዝኳትና ጠመዘዝኩ። ክዳኗ ሳትፈታ የአሉሚኒየሙ ቫልቭ ከሥሩ ቀጭ አለ፣ ነፋሱም ፊቴ ላይ ፉጨት ለቀቀ። አሉሚኒየምና ነሐስ እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ። የፕላስቲክ ክዳን ይግጠሙ። ውስጥ ያለችው የቫልቭ መርፌም ኒኬል የተቀባች ትሁን።

አዲሱ ሲገጠም

ጎማው ከመገጠሙ በፊት ሴንሰሩ ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ፎቶ ያንሱ። በኋላ መኪናው በኮምፒውተር የሚመዘገብ ከሆነ ያለዚያ ቁጥር ጎማው እንደገና ሊፈታ ይችላል። የቫልቩ የላስቲክ ማኅተምና ዳዶው አዲስ ይሁኑ፣ ዳዶው ደግሞ በመጠኑ ይጠበቅ። በጉልበት ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ማስተዋወቅ ይቀራል። አንዳንዱ መኪና ትንሽ ሲነዳ ራሱ ይለምዳል። አንዳንዱ ክላክስ እያሰማ ወይም ፍሬቻ እያበራ በተራ ከእያንዳንዱ ጎማ ይቀበላል። ሌላው በስካነር ካልተጻፈለት አይገባውም። የአሮጌው መለያ አዲሱ ላይ ከተቀዳ ግን መኪናው ለውጥ መኖሩንም አያውቅም።

ከጎሚስታው ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ስክሪንዎ የየጎማውን ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ከፊት ቀኝ ጎማ ትንሽ ነፋስ ያስተንፍሱና ጥቂት ነድተው ይመለሱ። የወረደው የኋላ ግራ ቁጥር ከሆነ ምዝገባው ተዛብቷል፤ ሂሳብ ሳይዘጋ ይድገሙላችሁ።