ትንሽ ሞተር ጀልባ ልትመርጡ ነው? መጀመሪያ ወለሏን እዩ

ጀልባ ሊመርጥ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ምን ያህል ይሮጣል? ከዚያ ቀለሙን ያያል፣ መቀመጫውን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል፣ መሪውን ጨብጦ ፎቶ ይነሳል። ወለሉ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚራመድ ሰው ግን ብዙም አላየሁም። ሞተር እኮ ይቀየራል። መቀመጫም አዲስ ልብስ ይለብሳል። መሪው የተተከለበት ቦታ፣ የጎኑ ከፍታ፣ ከኋላ ወደ ፊት የምታልፉበት መንገድ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። ጀልባዋን የምትወዷትም የምትማረሩባትም በእነዚህ ነው።

የማወራው ከአራት ተኩል እስከ ሰባት ሜትር ስለሚረዝሙ ጀልባዎች ነው። በዚህ ልክ አንዱ የሚመጣው ከሌላው ተቀንሶ ነው። መኝታ ሲገባ መቆሚያ ይቀንሳል። ሶፋ ሲበዛ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚወረወርበት ቦታ ይጠፋል። «ለሁሉም ትሆናለች» እየተባለች የምትሸጥ ጀልባ አለች፤ እውነትም ከሁሉም ትንሽ ትንሽ አላት፣ ግን እናንተ አጥብቃችሁ የምትፈልጉት ነገር ላይ ስትደርሱ እዚያው ላይ ትጠብባችኋለች።

ስለዚህ ወረቀት አውጡ። በመጪው አንድ ዓመት የምትወጡባቸውን አሥር ቀኖች ጻፉ። የምትመኙትን ሳይሆን በእርግጥ የሚሆነውን። በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ስንት ሰዓት እንደምትጓዙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆሙና ቆማችሁ ምን እንደምትሠሩ አስፍሩ። ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ እሱንም ጻፉ፤ ከጠርዝ ላይ ዘሎ መግባት ለማይችል ሰው የመግቢያው ነገር ከሁሉም ይቀድማል።

ከአሥሩ ስምንቱ ዓሣ ማጥመድ ከሆነ ለዓሣ የተሠራች ጀልባ ውሰዱና ለቀሩት ሁለት ቀኖች ትራስ ጨምሩባት። ስምንቱ ቤተሰብ ይዞ መዞር ከሆነ ደግሞ የሽርሽር ጀልባ ውሰዱና የዘንግ መያዣ አስገጥሙባት። በዓመት አንዴ ውሃ ላይ ለማደር ብሎ ካቢን ያለው ጀልባ መግዛት አያዋጣም። ለአንዷ ሌሊት ሲባል ቀሪውን ዓመት ሙሉ የወለሉን ግማሽ ታጣላችሁ።

ዓሣ የምታጠምዱት እንዴት ነው?

«ለዓሣ የምትሆን ጀልባ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ሁሉም በአያያዙ ይለያያል። ዘንግ እየወረወራችሁ የምታጠምዱ ከሆነ ከፊት በኩል ከፍ ያለ፣ ጠፍጣፋና ምንም የማይጋረጥበት መቆሚያ ያስፈልጋችኋል። እዚያ ላይ የጠርዝ ብረትና መስታወት ክር ያጠላልፋሉ፣ ትራስም እግር ያደናቅፋል። ጀልባዋን አቁማችሁ ወይም ለነፋስ ለቃችሁ ክር ወደ ታች የምትሰዱ ከሆነ ግን የምትሠሩት ከጎን ነው፤ ስለዚህ ጥልቅ ወለልና ከፍ ያለ ጎን ፈልጉ። ቀስ እያላችሁ ከኋላ ክር የምትጎትቱ ከሆነ ደግሞ ሥራው ሁሉ ኋላ ነው። ሁለት ሰው ሳይጋጭ ሊቆም የሚችልበት ባዶ ቦታ ከሞተሩ ፊት መኖር አለበት።

የጎኑን ከፍታ ለመለካት ሜትር አያስፈልግም። ወደ ጠርዙ ተጠጉና ጎንበስ በሉ። ጠርዙ ጭናችሁን ከደገፈ ጥሩ ነው። ጉልበታችሁ ላይ ከሆነ ግን ከባድ ዓሣ ሲጎትት፣ በዚያ ላይ ጀልባዋ ስትናጥ፣ ወደ ውሃው የሚገለብጣችሁ እሱ ነው። ሌላው የእግር ጣት ነገር ነው። የጎኑ ግድግዳ ከታች ገባ ያለ ከሆነ የእግራችሁ ጫፍ ሥር ይገባና ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ፤ ካልገባ ግን ቀኑን ሙሉ ወደፊት ተንጋዳችሁ ስለምትቆሙ ማታ ወገባችሁን ትይዛላችሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። አጥማጅ ሰው ግን ይህንን ሳያይ እሺ እንዳይል።

ትልቅ ዓሣ መንጠቆ ከያዘ በኋላ በፈለገበት ይሄዳል። ከኋላ ጀምሮ በጎን ዞሮ ከፊት ሊወጣ ይችላል፣ እናንተም ዘንጉን ይዛችሁ መከተል አለባችሁ። መሪው የተተከለበት ሣጥን (ኮንሶል) መሃል ላይ ቆሞ ዙሪያው ክፍት የሆነ፣ ሴንተር ኮንሶል የሚባለው አቀማመጥ የተወደደው በዚህ ነው። በአራቱም ማዕዘን ማጥመድ ይቻላል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ነጂውም ዙሪያውን ያያል። ጉድለቱን ግን ሻጩ አይነግራችሁም። ከፊት የተቀመጠ ሰው ነፋሱንም ርጩንም በሙሉ ይቀበላል። ከፀሐይ የሚጋርደው ከላይ የተሠራ ጣሪያ ካለ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ጥላው ኮንሶሉ አካባቢ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት የሚጓዝ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደክማል።

ከተሳፋሪ ጋር ብዙ ለምትጓዙ

እዚህ ላይ እኔ የማደላው ወደ ዱዋል ኮንሶል ነው። ሁለት ኮንሶል ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ በመሃላቸው መተላለፊያ አለ፣ መስታወቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይጋርዳል። ነጂውና አጠገቡ ያለው ሰው ከነፋስ ያርፋሉ። ከፊት ለፊት መቀመጫ፣ ከኋላ ደግሞ ለሁለት አጥማጆች የሚበቃ ወለል ይኖራል። ዙሪያውን መዞር አይቻልም፣ ዓሣው ወደ ፊት ከሮጠ በመሃል በር በኩል ነው የምትከተሉት። ግን ግማሹን ጊዜ ለዓሣ፣ ግማሹን ለቤተሰብ ለሚያውል ሰው ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም።

ባውራይደር የሚባለው ከውጭ ሲያዩት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱ ግን ለመዋኘትና ለመዝናናት የተሠራ ነው። ጎኑ አጠር ይላል፣ ትራሱ ይበዛል፣ መንጠቆ ለማስተናገድ አይመችም። ለተረጋጋ ውሃ ግን ግሩም ነው። ከፊት የምታስቀምጡትን ሰው ክብደት ብቻ ተጠንቀቁ። ፊቷ የከበደ ጀልባ አፍንጫዋን ማዕበል ውስጥ ትነክራለች፣ ፊት ላይ የተቀመጠ ሰውም ከሁሉም በላይ ይነጥራል።

ትንሽ ካቢን ያላቸው ጀልባዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ካቢኑ የፊቱን ስፋት በሙሉ ይይዛል። በሌላው ካቢኑ ጠበብ ብሎ በሁለቱም ጎን መተላለፊያ ይተዋል፣ ዎክአራውንድ ይባላል። አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓይነት ይዤ ነፋስ ተነሳና መልሕቅ መጣል ነበረብኝ። ወደ ፊት ለመሄድ መስታወቱን ከፍቼ፣ እርጥብ የካቢን ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ በእጄ የምይዘው ነገር እየፈለግሁ በሆዴ ተሳብኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የማንኛውንም ጀልባ አቀማመጥ የምፈትነው በመልሕቅ ነው። ከመሪው ተነስታችሁ፣ አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ የሚይዘው ነገር እያገኘ፣ በሌላው መልሕቅ ይዛችሁ ፊት መድረስ ካልቻላችሁ ያ ጀልባ ለክፉ ቀን አይሆንም።

ጣሪያና ግድግዳ ያለው የነጂ ቤት ለብርድና ለዝናብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚወጣ ሰው ወርቅ ነው። ነፋስ ግን እንደ ሸራ ይገፋዋል፣ ወደብ ላይ ማስጠጋቱም ልምድ ይጠይቃል። መሪ እንኳ የሌላትን፣ ሞተሯን ከኋላ በእጅ ይዘው የሚነዷትን ክፍት ጀልባም አትናቋት። ለተረጋጋ ውሃና ለሁለት ሰው ከማንም የበለጠ ወለል ያላት እሷ ናት።

ከወለሉ ሥር

አቀማመጡን ከመረጣችሁ በኋላ የጀልባዋን ሆድ ተመልከቱ። ሆዷ እንደ «ቪ» ፊደል በሾለ ቁጥር ማዕበሉን እየሰነጠቀች በልስላሴ ትሄዳለች። ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር ቆማ ትረጋጋለች፣ ስትሮጥ ግን ትደበድባችኋለች። ሬይ ሃንት የተባለው አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ የሾለ ሆድን እስከ ኋላ ድረስ ሳያሳሳ የመዘርጋትን ሐሳብ ያስታወቀ ሰው ነው። እሱ የነደፋት «ሞፒ» የተባለች ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው ውድድር በከባድ ማዕበል ውስጥ አሸነፈች። ያ ንድፍ ከኋላ ወደ 24 ዲግሪ የሚጠጋ ሹልነት (የሆዷ ጎን ከአግድም የሚነሳበት ልክ) አለው። በክፍት ባሕር እየሮጠ ለሚውል ሰው ድንቅ ነገር ነው፤ ግን ትንሽ ጀልባ ላይ እንደዚህ የሾለ ሆድ ቆሞ ሲሆን ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጎን ሲቆምም ያዘነብላል። አብዛኛውን ቀን ቆማችሁ የምታጠምዱ ከሆነ 15 እና 20 ዲግሪ መካከል ፈልጉ። ለሐይቅ፣ ለወንዝና ለጥልቀት የለሽ ውሃ ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ክብደትን በቁጥር አስቡት። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ 100 ሊትር የሚይዝ የሕያው ዓሣ ገንዳ ሲሞላ 100 ኪሎ ነው፣ ያውም የሚንቦጫረቅ። ቤንዚን በሊትር ሦስት አራተኛ ኪሎ ግድም ይመዝናል። ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ባለ አራት ምት አውትቦርድ (ከጀልባዋ ኋላ ውጭ የሚሰቀል) ሞተር ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ገንዳውና ሁለት አጥማጅ ሁሉም ኋላ ከተሰበሰቡ ጀልባዋ ቁጢጥ ትላለች። ይህንን ለማየት ቀላል ዘዴ አለ፤ ታስራ ሳለች አብረዋችሁ ያሉትን ሁሉ አንድ የኋላ ማዕዘን ላይ አቁሟቸው። በወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳ ውሃ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሙሉ ዕቃ ጭናችሁ ስትወጡ ምን እንደሚጠብቃችሁ አያችሁ ማለት ነው።

በአውሮፓ የተሸጠች ጀልባ ላይ ደረጃዋንና የምትይዘውን ሰው ብዛት የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፏል። «ሲ» የሚለው በቦፎርት (የነፋስ ኃይል መለኪያ) እስከ 6 የሚደርስ ነፋስና እስከ 2 ሜትር ማዕበል፣ «ዲ» የሚለው እስከ 4 የቦፎርት ነፋስና እስከ 0.3 ሜትር ማዕበል ነው። የሰው ቁጥሩ ግን የጭነት ልክ እንጂ የምቾት ልክ አይደለም። ስምንት ሰው ይይዛል የተባለው ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት ሦስት ቢሆኑ ነው። ውሃ ቢሞላባት የሚያንሳፍፍ ፎም በውስጧ እንዳለም ጠይቁ። ቦስተን ዌለር የተባለው ኩባንያ በፎም የተሞላች ጀልባውን እ.ኤ.አ. በ1961 ባለቤቱ ተቀምጦባት ሳለ በመጋዝ ለሁለት ሲያስቆርጥ «ላይፍ» መጽሔት ፎቶ አንስቶ አውጥቶት ነበር፤ ሁለቱም ግማሽ ተንሳፈፈ።

ጀልባዋን ዙሪያዋን በመጋረጃ ሸራ እየዘጋችሁ የምትጓዙ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ጀልባዋ ስትሄድ የሞተሩ ጭስ ከኋላ ተመልሶ በሸራው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ከፊት የሚከፈትና ንጹሕ አየር የሚያሳልፍ መስኮት ያለውን ምረጡ፣ ጠቋሚ መሣሪያም ግጠሙ። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድም መሪው ጋ በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ላይ ይሁን። ነዳጅ ሲሆን ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ ሲሶውን ለመጠባበቂያ አስቡና ታንኩ ለአሥሩ ጉዟችሁ ይበቃ እንደሆነ አስሉ።

ሳትገዙ በፊት ውሃ ላይ

ሻጩ ብቻውን ወስዶ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ቢያበርራችሁ ምንም አላያችሁም። ብዙ ጊዜ የሚሳፈሩትን ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ። መሪው ጋ ቁጭም ቁምም በሉ። ሁለቱንም ሞክሩ። የመስታወቱ የላይኛው ብረት ልክ ዓይናችሁ ላይ ከመጣ ያ ጀልባ ለናንተ ቁመት አልተሠራም። ሞተሩ ሲጨመር አፍንጫዋ ተነስታ ፊታችሁን ለምን ያህል ጊዜ እንደምትጋርድ ልብ በሉ። ማዕበሉን ፊት ለፊት፣ ከዚያ በጎን፣ ከዚያ ከኋላ እየተቀበላችሁ ንዱ፣ ርጩ ማን ላይ እንደሚያርፍም እዩ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፉ። አስራ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ለነፋሱ ልቀቋት። በዚህ ጊዜ ሁላችሁም ተነስታችሁ የምትሠሩትን ሥሩ፦ አንዱ ዘንግ ይወርውር፣ አንዱ ሣጥን ይክፈት፣ አንዷ ልጅ ይዛ ወደ ፊት ትለፍ። ማን ማንን «እለፍ እስቲ» እያለ እንደሚጠብቅ፣ ማን የሚይዘው እንዳጣ፣ ማን ጥላ ፍለጋ እንደሚዞር ተመልከቱ። ሻጩ እንመለስ ቢል አትቸኩሉ፤ አስራ አምስቱ ደቂቃ ይሙላ።