ፓምፑን ብጨምርም ወንዙ አልቀንስ ሲለኝ
መራዊ አካባቢ ለመስኖ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ግልገል ዓባይን ምን ያህል እንደሚነካ በሞድፍሎው 6፣ የከርሰ ምድር ውኃን ፍሰት በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም፣ እየሠራሁ ነበር። ችግሩ፦ የጉድጓዶቹን ፓምፕ በእጥፍ ብጨምርም የወንዙ የበጋ ፍሰት ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አሃዱን ነው። በሰከንድ 10 ሊትር ማለት በቀን 864 ሜትር ኩብ ነው፤ ልክ ነበር። ውኃው ያለበትን የባዛልት ዐለት ውኃ አሳላፊነት ቀያየርኩ፤ ሞዴሉ የተከፋፈለባቸውን ሴሎች አሳነስኩ። ሦስት ቀን በዚሁ አለቀ።

መፍትሔው የተገኘው የውጤት ፋይሉ ላይ ያለውን የውኃ ሚዛን ሠንጠረዥ መስመር በመስመር ሳነብ ነው። ፓምፑ በጨመረ ቁጥር ከሞዴሉ ጠርዝ የሚገባው ውኃ በዚያው ልክ ይጨምራል። ለካ ደቡቡን የተፋሰስ ወሰን በሲኤችዲ፣ ማለትም የውኃ ከፍታው በማይለወጥ ጠርዝ አጥሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ጠርዝ የጠየቁትን ሁሉ ይሰጣል። መሬቱ ግን አይሰጥም፤ ጉድጓዱ የወሰደው መጀመሪያ ከክምችቱ፣ ውሎ አድሮ ደግሞ ከወንዙና ከምንጩ ይጎድላል።

ሲኤችዲውን አነሣሁና ወሰኑን ውኃ የማያሳልፍ አደረግሁት። በጣና በኩል ብቻ ጂኤችቢ፣ ማለትም ውኃ በከፍታ ልዩነቱ መጠን የሚያልፍበትን ጠርዝ፣ ተውኩ። ከዚያ ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ሞዴሉን ከተለካው ጋር ማስማማቱን፣ እንደ አዲስ ሠራሁ፤ ይህን አትዝለሉት። አሁን ፓምፑ ሲጨምር ወንዙ ይቀንሳል፤ በተለይ በሚያዝያ፣ ታች ያለው ገበሬ ውኃ በሚጠብቅበት ወር።