ጎልድፊሽ ከመግዛታችሁ በፊት

ሐዋሳ ላይ ዓሣ ሲባል ትዝ የሚለን የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ነው። ዓሣ ይበላል እንጂ ቁጭ ብለው አያዩትም። ሳሎኔ ውስጥ ጎልድፊሽ የሚባለውን የጌጥ ዓሣ እንደማሳድግ የሰማ ሁሉ "መቼ ነው የሚጠበሰው?" ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንኳን ለጥብስ ለሳምንትም አልደረሱም። ገንዳውንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ገዝቼ ነበር።

መጀመሪያ ገንዳውን አዘጋጁ። ክቧን የብርጭቆ ዕቃ እርሷት። ገበያ ላይ የምታዩት ጎልድፊሽ ትንሽ የሆነው ገና ጫጩት ስለሆነ ነው። ቀጭኑ ዝርያ 25 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። ለቤት ውስጥ ገንዳ አጠር ብሎ የሚቀረው፣ ድቡልቡሉና ጅራቱ ድርብ የሆነው ዝርያ ይሻላል። መስታወት ቤት ሄዳችሁ 80 በ40 በ40 ሴንቲሜትር አሠሩ። ሲሞላ 128 ሊትር ይይዛል፤ ለሁለት ድቡልቡሎች ይበቃል። ግን ውሃው ብቻ 128 ኪሎ ነውና የቴሌቪዥን ማስቀመጫው ላይ እንዳትሞክሩት። መስታወቱ የተጣበቀበት የሲሊኮን ማስቲሽ የኮምጣጤ ሽታ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ በረንዳ ላይ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፤ የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ያፍስስ። ቤት ውስጥ ሲገባ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ይሁን።

ጠጠሩን ያለ ሳሙና እጠቡ። ከዓሣው አፍ የሚበልጥ ምረጡ፤ ጎልድፊሽ መሬት እየቆፈረ ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል። ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) እና የአየር ፓምፕ ግድ ነው። ማሞቂያ ግን አያስፈልግም። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል።

ውሃውን ከሐይቁ እንዳትቀዱ፤ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። የቧንቧው ይሻላል፣ ክሎሪኑ ግን መውጣት አለበት። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ አቆዩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ሳምንት ቢቀመጥ ያው ነው፤ ክሎሪኑ መውጫ የለውም።

አሁን ትዕግሥት የሚፈትነው ክፍል ይመጣል። ዓሣ በስንጥቡና በዓይነ ምድሩ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ፊልተሩን ውሃ የተሞላ ግን ዓሣ የሌለበት ገንዳ ላይ አስነሡ፤ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት። እሱ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ ይመገባሉ። ጎረቤት "ዓሣው የታለ?" ይላችኋል። በመንገድ ላይ ነው በሉ። ዓሣ የሚያረባ ወዳጅ ካላችሁ ከአሮጌ ስፖንጁ ቁራጭ ለምኑት፤ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ዓሣው ሲመጣ የመጣበትን ፌስታል ሳትፈቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ከዚያ ዓሣውን ብቻ ልቀቁ፣ የፌስታሉን ውሃ ድፉት።

ምግብ በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ ሁሌም የራበው ይመስላል። እንጀራ ከሚወረውሩ ሕፃናት ጠብቁት። አልፎ አልፎ እሸት አተር ቀቅላችሁ፣ ልጣጩን ልጣችሁ ስጡት፤ ሆዱን ያለሰልስለታል።

በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩቡን በቱቦ አውጡና ያቆያችሁትን ጨምሩ። የወጣውን ለአበባ አጠጡ፣ ይወደዋል። ስፖንጁን የምታጥቡት በዚያው ባወጣችሁት ውሃ ነው። እኔ አንዴ ቧንቧ ሥር ፈትጌ፣ ስድስት ሳምንት የለፋሁበትን ባክቴሪያ በሁለት ደቂቃ ጨረስኩት።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ፤ በየጊዜው በጣሳ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፣ አየር ይገባበታል። በሙቀት ወራትም እንዲሁ አየር አስገቡበት፣ ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይይዝም።

ዓሣው አድጎ ገንዳው ከጠበበው ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቁት። ጎልድፊሽ ተክል ይነቅላል፣ ውሃ ያደፈርሳል፣ በሽታም ሊያጋባ ይችላል፤ የሐይቁ ዓሣ ቆሮሶው (ቲላፒያ) ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ስጡት፣ ከስፖንጃችሁም ቁራጭ ጨምሩለት።