ማረፊያ በሌለው መንገድ፦ ወደ ወሎ ስትነዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐርቡን ገና ማለፌ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ፀሐዩ በፊት መስታወቱ ገብቶ ጭኔን ያሞቀኛል። መንገዱ ጭር ብሏል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጠጠር ድምፅ ነው። ዓይኔን ስገልጥ የቀኝ ጎማዎቼ ከአስፋልቱ ወጥተዋል። መሪውን ቀስ ብዬ መለስኩት። ከሸዋ ሮቢት የገዛነው ፓፓያ ከኋላ ወንበር ተንከባሎ ወለሉ ላይ ፈረጠ። አጠገቤ ተኝታ የነበረችው ታናሽ እህቴ ብንን ብላ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ምንም፣ ጉድጓድ ነው» አልኳት። ዋሸኋት። ተኝቼ ነበር።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አራት ሰከንድ ሸለብ ካደረጋችሁ ወደ 90 ሜትር ያህል መኪናውን የሚነዳው ሰው የለም ማለት ነው። በዚያ 90 ሜትር ውስጥ ከብት የሚነዳ ልጅ ቢኖርስ? ይህን እያሰብኩ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መስመር ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ሹፌር መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ግማሽ ሰዓት ጋደም እንዲልበት ታስቦ የተሠራ ቦታ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ያለው ማደያ፣ ምግብ ቤትና የመንገድ ዳር ነው። እስኪሠራልን ድረስ ደግሞ መንዳታችን አይቀርም። ስለዚህ እኔም የሠራኋቸውን፣ ሌሎችም ሲሠሩ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ሲደክመኝ አቆማለሁ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ።

ድካም ከተማ እስክትደርሱ አይጠብቅም። ከሰንበቴ ወዲያ ሜዳው ላይ፣ ወይም መኪና ጥግ ማስያዝ በማይቻልበት ኩርባ ላይ ይመጣል። ያኔ «ቀጣዩ ከተማ ላይ አርፋለሁ» ትላላችሁ። ከተማው ሲደርስ ባጃጁ፣ ሰዉና ግርግሩ ትንሽ ያነቃችኋል። «አሁን ደህና ነኝ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ከከተማው ወጥታችሁ አሥር ደቂቃ ሳትሄዱ ዓይናችሁ ይከብዳል። የደከመ ጭንቅላት ድካሙን ራሱ በትክክል አይመዝንም። ውሳኔውን ለእሱ መተው የለባችሁም።

የምታርፉበትን ቦታ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። በብዙ አገር የሚመከረው በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ያህል መቆም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ሹፌሮች ሕግ ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። የእኔ ዕቅድ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ እጠጣለሁ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብርዱ ራሱ ያነቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት። ከሚሴ ላይ አጭር እንቅልፍ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሳላቆም አላልፍም፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ ለሚቀጥል ሰው ሐይቅና መርሳ አሉ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዓሣ በልቶ ሐይቁን ትንሽ አይቶ መነሳት ይቻላል።

አጎቴ በአሰብ መስመር ተሳቢ ይነዳ ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ ያንን በረሃ ሰንጥቆ አሰብ ይገባል። ገና ከደሴ ሳይነሳ የት ምሳ እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር ለሚስቱ ይነግራት ነበር። ቦታው ሲደርስ ቢደክመውም ባይደክመውም ያቆማል። ከተሳቢው ሥር ሰሌን ያነጥፋል፣ ጫማውን አውልቆ ጎማው ላይ ያስቀምጣል፣ ይተኛል። «ጋሼ፣ ሳይደክምህ ለምን ትቆማለህ?» ብዬው አውቃለሁ። «ከደከመኝማ ምን ዋጋ አለው» አለኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

8 ሰዓትን መናቅ

የሰው ገላ በቀን ሁለት ጊዜ ይከዳል። አንደኛው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ምሳ ባትበሉም ይመጣል፣ ከበላችሁ ግን ይብሳል።

አሁን ጉዞውን አስቡት። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 8 ሰዓት አካባቢ ከሚሴና ሐርቡ መሃል ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጃኬት ለብሶ ነበር። ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1,300 ሜትር ገደማ ገባ። ቆላውን በሙቀት አቋርጦ፣ ከሚሴ ላይ ጥብስ በእንጀራ ጥግብ ብሎ በልቶ መሪ ይይዛል። እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። ምሳ ቀለል ይበል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ መኪና ውስጥ 20 ደቂቃ ተኙ።

በተለይ ለበዓል የምትሄዱ፣ ለገናም ይሁን ለዒድ፣ የዋዜማውን ሌሊት ዕቃ ስትጭኑ አታንጉ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ሲነዳ፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ዝግመት እንዳለው በጥናት ታይቷል። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለመንገድ የሚነሳ ሰው ገና ሳይነዳ ግማሹን ጨርሶታል።

ሽንት ቤት የለም ብሎ ውሃ አለመጠጣት

ይሄ ብዙ አይወራለትም፣ ስለሚያፍሩበት ይመስለኛል። እናቴ ደሴ ለመሄድ ስትነሳ ከዋዜማው ጀምራ ውሃ ትተዋለች። እህቴም እንደዚያው። ወንዱ የትም ዛፍ ሥር ይቆማል። ሴቷ፣ ሽማግሌው፣ ስኳር ያለበት ሰው፣ ልጅ የያዘች እናት የት ትሂድ? መንገዱ ላይ ማረፊያ የለም ስንል መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ሹፌሩም ያንኑ ያደርጋል። ደጋግሞ ላለመቆም ብሎ ውሃ ይተዋል። ውሃ ያነሰው ገላ በቆላው ሙቀት ራሱን ያመዋል፣ ይፈዛል፣ ቶሎ ይደክማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ዘይት እንደመቀነስ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዓይን አፋርነትን መተው ይጠይቃል እንጂ። ከተማ ውስጥ ካፌ ወይም ምግብ ቤት ግቡ፣ ሻይ እዘዙ፣ «እህቴ፣ ሽንት ቤት እንጠቀም?» በሉ። በዚህ መስመር እምቢ ያለኝ ሰው አላስታውስም። አንድ ጊዜ ልጆች ይዘን ካራቆሬ ላይ የቆምንበት ቤት፣ ምግብ ቤት እንኳን አልነበረም። ሴትዮዋ በር ላይ ስፌት እየሰፋች ነበር። ልጆቹን አስገባች፣ በጆግ ውሃ አምጥታ እጃቸውን አስታጠበች። «አብሽሩ፣ መንገደኛ አይደላችሁ?» አለች። ብር ስሰጣት ተቆጣችኝ። ሶፍት፣ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ ግን ከመኪናችሁ አይጥፋ፤ ሰው ሁሉ እንደሷ ቤት ያፈራውን እንዲሰጥ መጠበቅ ልክ አይደለም።

የሰላት ሰዓት የሚያከብሩ ሹፌሮች በዚህ በኩል ይሻላሉ። ዙሁር ሲደርስ መስጊድ ግቢ ያቆማሉ። ውሃ አለ፣ ጥላ አለ፣ ፊትና እግር ይታጠባል፣ ወገብ ይዘረጋል። ሳያስቡት አርፈዋል።

እንቅልፍን በሙዚቃና በጫት መግፋት

መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ መልቀቅ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ፊት በውሃ ማራስ፤ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ያነቃሉ፣ ከዚያ እንቅልፉ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስለ ጫት በግልጽ ላውራ። የረጅም መንገድ ሹፌር ለምን እንደሚቅም ይገባኛል። ጭነቱ በሰዓቱ ይድረስ ይባላል፣ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፣ ታዲያ ምን ያድርግ? ነገር ግን ጫት ድካሙን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል። ምርቃናው እያለ «እችላለሁ» የሚል ስሜት ይመጣል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ለመቅደም ይደፍራል። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ድካም በአንዴ ይወድቅበታል። ያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው።

ቡና ይሠራል፣ ግን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ጠጥቶ ወዲያው መነሳት እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚሆነው። አቦሉን ጠጡ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርጉ፣ ስልካችሁን በ20 ደቂቃ ሙሉና ተኙ። ስትነቁ ቡናውም እንቅልፉም አብረው ያግዟችኋል። ከዚያ በላይ ከተኛችሁ ደግሞ ድንዝዝ ብላችሁ ስለምትነሱ፣ መሪ ከመያዛችሁ በፊት ትንሽ ተራመዱ።

ቦታ ታጣ ተብሎ የትም ማቆም

ማታ ላይ መብራት አጥፍቶ ግማሽ አካሉን አስፋልት ላይ ጥሎ የቆመ ሲኖ ያላየ የዚህ መስመር ሹፌር የለም። ሹፌሩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ደክሞታል፣ የመንገዱ ትከሻ ጠባብ ነው፣ ወጣ ብሎ ጭር ያለ ቦታ እንዳያቆም ለሕይወቱና ለጭነቱ ይሰጋል። ከኋላው የሚመጣው ግን ይህን አያውቅም።

ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይና ዳገት ጫፍ ላይ በፍጹም አታቁሙ። ከተማ ውስጥ የማደያ ግቢ ይሻላል፤ ጥበቃውን «ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ልረፍ» ማለት ነውር የለውም። ብልሽት ገጥሟችሁ የግድ ከቆማችሁ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ የአደጋ መብራት አብሩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትነሱ ለታኮ ያስገባችሁትን ድንጋይ አንሱ። ለምልክት የደረደራችሁትንም እንደዚሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው በሐረጎ ዳገት ላይ አንድ ምሽት በመብራቴ ያየሁት ድንጋይ የጭንቅላት ያህል ነበር፣ መስመሬ መሃል። ቆሜ በሁለት እጄ አንስቼ ወደ ገደሉ ዳር ገፋሁት። የናፍጣ ሽታ ነበረበት፣ የጎማው ቅርጽም ታትሞበታል። ሞተር ሳይክል ቀድሞኝ ደርሶ ቢሆንስ ኖሮ?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ሜዳ፣ የዛፍ ጥላ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ የሌሊት መብራትና አንድ ጥበቃ። በየ60 ወይም በየ70 ኪሎ ሜትሩ ቢሆን ከአዲስ አበባ ደሴ አምስትና ስድስት ይበቃል። የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ቡና፣ ፍራፍሬና ጎሚስታ ቢሠሩበት ራሱን ያስተዳድራል። መንገድ ሲታደስ አብሮ ይታቀድ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ ስንት ከባድ መኪና እየገባ እየወጣ ሹፌሩ የሚተኛው ጋቢና ውስጥ ተኮራምቶ ነው።

መኪናውም ማረፍ እንዳለበት መርሳት

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ፍሬን እየረገጣችሁ አትውረዱ። ዳገቱን በምትወጡበት ከባድ ማርሽ ውረዱ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ አቁሙና ራሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ የሚደፉ አሉ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደብረ ሲና ቆሎ እስክትገዙና እስክትቀምሱ ድረስ ያለው ጊዜ ለፍሬኑም ይበጃል።

ሹፌሩን መወትወት

ይሄ የተሳፋሪ ስህተት ነው። «ሌላው ቀድሞን ገባ እኮ»፣ «ስንቴ ነው የምትቆመው?»፣ «ከመሸ መንገዱ ያስፈራል»። የመጨረሻው እውነት ነው። ለዚያ ግን መፍትሔው ማልዶ መነሳትና የመንገዱን ሁኔታ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሹፌሩ አፉን ደጋግሞ ካዛጋ፣ መስመሩን ከሳተ፣ ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ካለ «ወንድም፣ እስቲ ሻይ እንጠጣ» በሉት። ፊት የተቀመጠ ሰው ባይተኛ ደግሞ ጥሩ ነው። እህቴ ከዚያን ቀን ወዲህ አጠገቤ አትተኛም፤ እውነቱን በኋላ ነግሬያታለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ «ደረስን» ማለት

ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሰው ልቡ ቤቱ ገብቷል። የቀረው 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። «እዚህ ደርሼ ላቆም እንዴ?» ይላል። ነገር ግን ይህ ቀሪ መንገድ ሐረጎ ነው። ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ600 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከላይ ጭነት የጫነ ተሳቢ ይወርዳል፣ ከፊት አይሱዙ በጭስ እየተጎተተ ይወጣል፣ ከኋላ ዶልፊን ክላክስ እያደረገ ሊቀድም ይቋምጣል። ክረምት ከሆነ ጉም አለ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የነዳ ሰው የጉዞውን ከባዱን ክፍል የሚነዳው በቀረችው ጉልበት ነው።

አሁን ኮምቦልቻ ስገባ አንድ የማውቃት ቡና ቤት አለች፣ ደጃፏ ላይ የዋርካ ጥላ ያላት። መኪናዬን እዚያ አቆማለሁ። ሞተር አጠፋለሁ፣ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል እከፍታለሁ፣ እናቴ ጋ እደውላለሁ።

«እማዬ፣ ኮምቦልቻ ነኝ። ትንሽ ዓይኔን ከድኜ እመጣለሁ።»

«አብሽር» ትለኛለች። «ቡናውን ገና አልቆላሁትም።»