ጣውላው ለምን ይላጣል? ድብልቅ ፕላስቲክ ሲያስቸግር

ባህር ዳር ውስጥ ቆራሌው ያመጣው ጆንያ ሲዘረገፍ የሌለ ነገር የለም። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ከጣና የወጣ አሮጌ የአሳ መረብ። ሁሉንም ፕላስቲክ እንላቸዋለን። ጣውላ ሊሆኑ ተፈጭተው ማሽን ውስጥ ሲቀልጡ ግን አይዛመዱም።

ጣውላው እንደ ሽንኩርት ይላጣል

ከሻጋታው ሲወጣ ያማረ ነው። ብሎን ሲገባበት ግን ይተረተራል። ስባሪውን ፀሐይ ላይ ያዙና በጥፍራችሁ ጫሩት። ስስ ሽፋን እየሆነ ከተነሳ ውስጡ ሁለት የማይዋሃዱ ፕላስቲኮች አሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን ፌስታልና ጀሪካን ነው፤ ፖሊኤትሊን። ሌላው የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን። ሁለቱም ስለሚንሳፈፉ የውሃ ገንዳ አይለያቸውም። ቀልጠውም እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው አስታራቂ የሚያስፈልገው። የሙያ ስሙ ኮምፓቲቢላይዘር ነው፤ እኛ ግን አስታራቂ እንለዋለን፣ ሥራው እሱ ስለሆነ። ጥሩ ሽማግሌ በሁለቱም ወገን ይታመናል። የዚህም ሞለኪውል አንዱ ክፍል ከአንዱ፣ ሌላው ክፍል ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ይስማማል። ድንበራቸው ላይ ተቀምጦ ያያይዛቸዋል። ለእነዚህ ሁለቱ ከኢትሊንና ከኦክቲን የተሠራ ኮፖሊመር፣ ማለትም ከሁለት ዓይነት ሞለኪውል የተቀጣጠለ ፕላስቲክ፣ ይሆናል። በ100 ኪሎ 5 ኪሎ አድርጋችሁ ጀምሩ። ጎማነት ስላለው ሲበዛ ጣውላው ይለሰልሳል፤ አግዳሚ ወንበር ከሆነ ሰው ሲቀመጥበት ይጎብጣል።

ስባሪው ላይ ነጭ ፍሬ ይታያል

ሃይላንድ ገብቷል ማለት ነው። ሃይላንድ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፔት፣ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሽኑ 200 ላይ ከሆነ ፔቱ እንደ ጠጠር ደርቆ ይቀራል። ያልቀለጠን ነገር ማንም አያስታርቅም፤ ስለዚህ አስታራቂ ለመግዛት አትቸኩሉ። ፍጩትና ውሃ ውስጥ ክተቱት። ፔቱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። የግድ መቀላቀል ካለባችሁ ፔቱን በደንብ አድርቁት፣ ሙቀቱን ከፍ አድርጉ፣ ግሊሲዲል ሜታክሪሌት ያለበትን አስታራቂ ምረጡ። ሌላ ዓይነት አስታራቂ ላይ ካለው ከማሌይክ አንሃይድራይድ ይልቅ ከፔት ጋር የሚይዘው እሱ ነው።

ከስባሪው እንደ ፀጉር ክር ይወጣል

ይህ እኔን ብዙ ያለፋኝ ነው። አንድ ጊዜ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን የናይሎን መረብ ከጀሪካን ጋር ፈጨሁት። ጣውላው በእጅ ተሰበረ። ከስብራቱ ክሩን በጣቴ ስቤ አወጣሁት፤ ንጹሕ ነበር፣ አንድ ቅንጣት ፖሊኤትሊን አልያዘም። ሙቀቱም አልበቃውም ነበር፤ ናይሎን 6 የሚቀልጠው 220 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሌይክ አንሃይድራይድ የተያያዘበት ፖሊኤትሊን የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከናይሎኑ ጫፍ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፣ ቀሪው አካሉ ከጀሪካኑ ጋር ይዋሃዳል። ሙቀቱን ወደ 230 አድርጋችሁ በ100 ኪሎ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሞክሩ። መረቡ ላይ የደረቀ አልጌና ጭቃ ስለማይጠፋ ደጋግማችሁ እጠቡት።

ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል

እርጥበት ነው። በክረምት ይብሳል። የተፈጨውን ከመጣሪያ ሥር ዘርግታችሁ በሞቃት አየር አድርቁ። የአስታራቂውንም ከረጢት ክፍት አትተዉት፤ ማሌይክ አንሃይድራይድ እርጥበት ሲጠጣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ዓይን የሚያቃጥል ሽታ

ፒቪሲ ነው፤ የቧንቧ ወይም የሽቦ ልባስ ስባሪ። ማሽኑን አቁሙ፣ በሩን ክፈቱ፣ ውጡ። የሚወጣው አሲድ ሳንባንም ብረትንም ይበላል። ለተጠራጠራችሁት ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አግላችሁ ንኩበትና ሽቦውን ደጅ ላይ እሳት ውስጥ መልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበትና ይውጣ።

አስታራቂው ገብቶም ለውጥ የለም

መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት መቀላቀሉን እዩ። ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚገፋው ማሽን፣ ኤክስትሩደሩ፣ ባለ አንድ ብሎን ከሆነ በደንብ አያዋህድም። አስታራቂውን ከተፈጨው ጋር ቀድማችሁ በደረቁ አማስሉት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ አሳልፉት። ያለ አስታራቂ አንድ፣ በ3 ኪሎ አንድ፣ በ5 ኪሎ አንድ ዘንግ አውጡ። ሦስቱንም አሳድራችሁ በማግስቱ እጠፏቸው። የ3ቱና የ5ቱ እኩል ከታጠፉ 3ቱን ያዙ፤ ዕቃው ውድ ነው።